ፈላጊ ያገኘችው ዘፋኝ

ከነቀምት ወደ ዲጋ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ተማሪ በስልኳ የድሮ ፊልም ታያለች። አጠገቧ ያሉት እናት ጠጋ ብለው ጠየቋት።

«ልጄ፣ ይቺ የምትዘፍነው ማን ናት?»

«የድሮ የሆሊውድ ተዋናይ ናት፣ አዴ። ፊልም ድምፅ ማውጣት በጀመረበት ዘመን ነው የዘፈነችው።»

«ድምፅዋ ያምራል። ብዙ ሠራች?»

«ጥቂት ዓመት ብቻ። ሰዉ የዘፈን ፊልም ሲሰለቸው እሷንም ረሳት።»

«ከዚያስ?»

«አግብታ ቤቷ ተቀመጠች። ካረጀች በኋላ ግን ፊልሟን የወደዱ ወጣቶች ፈልገው ቤቷ ድረስ ሄዱ።»

«እሷስ ፈላጊ አገኘች። እኔም በልጅነቴ ነቀምት ኪነት ቡድን ውስጥ ዘፋኝ ነበርኩ።»

«እውነት? ለምን ተዉት ታዲያ?»

«ቡድኑ ተበተነ፤ እኔም ትዳር ያዝኩ። ልጆቼ እንኳ አያውቁም።»

«አልነገሯቸውም?»

«የጠየቀኝ የለም። ፎቶ እንኳ አልተነሳሁም።»

«እስኪ ለእኔ ትንሽ ይዝፈኑልኝ።»

«እዚህ ሰው መሀል?»

«ያኔስ ሰው መሀል አልነበር?»

እናትየው ሳቅ አሉና በኦሮምኛ ቀስ ብለው ጀመሩ፤ ሾፌሩም የሬዲዮውን ድምፅ ቀነሰ።

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ «ወራጅ አለ» ግን አላልኩም።