መሃሉ መሙያ ነው

ጽገሬዳ አብነት ሰፈር ከሚገኘው የአብዱልመናን ሱቅ ስትደርስ፣ የልጇ የማጠናከሪያ መምህር ከማቀዝቀዣው አጠገብ ቆሞ ውሃ ይመርጥ ነበር። አየችው። እንዳላየችው ሆና ፊቷን ወደ ባለሱቁ አዞረች።

«እንዴት ዋሉ ጋሽ አብዱልመናን? ፀሐዩ ዛሬ ከረር አላለም? ዳቦ ካለ አራት ይስጡኝ። ልጆቹማ ደህና ናቸው። ነብያት የስድስተኛ ክፍል ፈተናዋ የፊታችን ሳምንት አይደል? እያነበበች ነው... ማለቴ፣ ማንበቡንስ ትታዋለች፣ እየተዘጋጀች ነው ልበል።

«ዕድለኛ ነኝ እኮ! በጣም የተማሩ የማጠናከሪያ መምህር ናቸው የገጠሙን። እኛን መምህሮቻችን ምንባቡን ከላይ እስከ ታች ካላነበባችሁ ብለው ያሰቃዩን አልነበር? እኚህ እንዲህ ያለ ጭካኔ አያውቁም። ‹የአንቀጹን መጀመሪያና መጨረሻ ብቻ አንብቡ፣ መሃሉ መሙያ ነው› ይሏቸዋል። ከዚያ ከጥያቄው አንድ ቃል ይዞ ምንባቡ ውስጥ ማደን፣ ግራ ከገባ ደግሞ ረጅሙን ምርጫ ማክበብ። በቃ! እንዲህ ቀላል ከነበረ... እኛ ምን አለፋን?

«ልጄስ እንዴት ፈጠነች መሰለዎት! ዓይኗ ከላይ ጠቅ፣ ከታች ጠቅ... ገጹ አለቀ። ማታ ተረት ሳነብላት ‹እማ፣ መጨረሻውን ብቻ ንገሪኝ› ትለኛለች። ሴትዮዋ ለምን አለቀሰች ብላት፣ ማልቀሷንም አላወቀች። መሃል ላይ ነዋ ያለቀሰችው!»

የማቀዝቀዣው በር እንደተከፈተ ቀርቷል። ጽገሬዳ ዳቦውን ተቀብላ ድምፅዋን ትንሽ ከፍ አደረገች።

«የማክሰኞውን አልነገርኩዎትም? ሥራ እንደማመሽ ስላወቅኩ ወረቀት ጽፌ ጠረጴዛው ላይ ተውኩላት። ‹ነብዬ፣ ዛሬ አመሻለሁ። ከትምህርት ቤት እንደተመለስሽ ሃይልኣብን ከመዋዕለ ሕፃናት አምጪው። ምግብ ፍሪጅ ውስጥ አለ፣ አሙቀሽ ብዪ።› እቤት ስገባ አሙቃ በልታለች፣ ሰሃኗንም አጥባለች። ወንድምሽስ? ብላት... ‹እሱን አላነበብኩትም እማ። መሃል ላይ ነው እኮ የጻፍሽው።›

«ሮጬ ስደርስ ዘበኛው ኮታቸውን አልብሰውት በሩ ላይ አብረውት ተቀምጠዋል። ‹እማ፣ ረሳችሁኝ?› አለኝ።

«እሷን አልተቆጣኋትም። ምን አጠፋች? ተማሪ ማለት መምህሯን እንዲህ የምትሰማ አይደለች? ወንድሟ መሙያ ሆነ እንጂ...

«ከነገ ጀምሮ ግን እሳቸውን ባናደክማቸው ብያለሁ። ገና ወጣት ናቸው፣ ያሳዝኑኛል። እኛ ከልጄ ጋር ቤታችን ቁጭ ብለን መሃል መሃሉን እናነባለን። ‹እንዴት ያለ መምህር ነው?› ብሎ የሚጠይቀኝ ወላጅ ከመጣም ምኑን እደብቃለሁ? ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወራለታለሁ... መሃሉንም ሳልዘል።

«እንግዲህ ምን እላለሁ፣ ሰው ላስተማረ ምርቃት አይነፈግም። አሜን ይበሉ ጋሽ አብዱልመናን። ዕድሜውን ያርዝምላቸው። የሚጦሯቸው፣ ቃላቸውን የሚሰሙ ልጆች ይስጣቸው። ሸምግለው ዓይናቸው ሲደክም የሐኪማቸውን ትእዛዝ ልጆቻቸው ያንብቡላቸው... ልክ እሳቸው እንዳስተማሯቸው አድርገው።»