ጀርባዬን ለሐውልቱ ሰጥቼ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ መምህር ሐውልት የሚያውቀው ከመጽሐፍ ነበር። እኔ እዚሁ ሶዶ ታሪክ ሳስተምር የስድስት ኪሎውን የሰማዕታት ሐውልት በጠመኔ እየሣልኩ ነው ያስተማርኩት። የካቲት በመጣ ቁጥር እሥላለሁ፣ እና ከታች ዙሪያውን ያለቁት ሰዎች ተቀርጸዋል እላለሁ። ታዲያ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና "መምህር፣ ሰዎቹ ፊታቸው ምን ይመስላል?" አለችኝ። ምን ልበላት? በመጽሐፉ ያለው ሥዕል የአውራ ጣቴን ያህል ነው። ሳየው እነግርሻለሁ አልኳት። ያቺ ልጅ ዛሬ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች፣ እና ባገኘችኝ ቁጥር አዩት ወይ ትለኛለች።

ታዲያ ጡረታ ልወጣ ስል ትምህርት ቤታችን ለመምህራን የአዲስ አበባ ጉብኝት አዘጋጀ። ደስ አለኝ፣ እንዴት ደስ አይለኝ። ዳይሬክተሩ ማርቆስ እኔው ያስተማርኩት ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ችግሩም ጨዋነቱ ነው። ስንነሣ በጸሎት የምከፍተው እኔ፣ ከሾፌሩ ጎን የምቀመጠው እኔ፣ አረካ ላይ ቀድሜ የምወርደው እኔ፣ ሆሳዕና ላይ ሥጋው ሲቀርብ ዳጣውን ቀድሜ የምቀምሰው እኔ። ይሁን፣ የአገራችን ወግ ነው፣ ሽማግሌ ይቀድማል።

መጀመሪያ ወደ አንበሳው ሐውልት ወሰዱን። ከመኪና ወርጄ ቀና ከማለቴ ጋሼ መሐል ይግቡ፣ ጋሼ መሐል ይግቡ ብለው ትከሻዬን ይዘው አዞሩኝ። እስቲ ፍረዱ፣ ፎቶ የሚነሣ ሰው ፊቱን ወዴት ያደርጋል? ወደ ካሜራው። አንበሳው ከኋላዬ ነው። በቡድን ተነሣን፣ ከዚያ ሒሳቦች ከእኔ ጋር፣ ከዚያ ሳይንሶች፣ ከዚያ ሴቶቹ ብቻ፣ እና ወደ መኪና ተባለ። ግድ የለም አልኩ፣ የእኔ ጉዳይ ስድስት ኪሎ ነው።

ስድስት ኪሎ ስንደርስ ታዲያ ማርቆስን እጁን ያዝኩት።

"ማርቆስ፣ እባክህ ይኼን ልየው።"

"ይዩት እንጂ ጋሼ፣ ለእርስዎ ብለን አይደል የመጣነው? ፎቶውን እንነሣና ይዩት።"

"እናንተ ተነሡ፣ እኔ ልየው።"

"እንዴት ይሆናል ጋሼ? እርስዎን ትተን ብንነሣ ሶዶ ምን ይለናል? ሽማግሌውን ከዳር ጣሏቸው አይሉንም?"

እውነቱን ነው፣ ይላሉ። ገባሁ መሐል። ጀርባዬን ለሰማዕታቱ ሰጥቼ፣ ፈገግ ይበሉ ጋሼ እየተባልኩ፣ እዚያ ቦታ ፈገግ ይባላል? እነሱ ስልክ ሲቀያየሩ ሹልክ አልኩና በወዲያኛው ጎን ዞርኩ። እና አየሁ፤ ከፍ ብሎ አንድ ፊት፣ የሴት መሰለኝ። መነጽሬን አውጥቼ ልጠጋ ስል ከኋላዬ የማርቆስ ድምፅ መጣ።

"ኑ፣ ጋሼ የተሻለ ቦታ አግኝተዋል፣ እዚህ ፀሐዩ ፊት ለፊት ነው።"

ሁሉም ግር ብለው መጡ፣ እና አዞሩኝ። መነጽሬ በእጄ እንዳለ። ወዲያው ትራፊክ ፖሊስ ሾፌሩን ተነሣ አለው፣ እኛም ተጋፍተን ገባን። ከፊት ስለተቀመጥኩ በኋላው መስኮት እንኳ ማየት አልቻልኩም።

የሽኝቴ ዕለት ያንን ፎቶ በትልቅ ክፈፍ አድርገው ሰጡኝ፣ ያውላችሁ ግድግዳው ላይ። ቅርጹ ያለበትን ሁሉ እኛ ሸፍነነዋል፣ ጫፉ ብቻ ከአናቴ ላይ እንደ ቆብ ወጥቷል። የመጣ እንግዳ ሁሉ ታድለው፣ አዩት ይለኛል።

"ታዲያ ጋሼ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነዎት፣ ለምን ብቻዎን ሄደው አያዩትም?"

ብቻዬን እሄዳለሁ ብያለሁ እኮ ልጄ። ማርቆስ ሰማና እቤት ድረስ መጣ። "ጋሼ፣ ብቻዎንማ አይሄዱም፣ ደህና ካሜራ ገዝቻለሁ፣ አብሬዎት እሄዳለሁ" አለኝ። (ሳቅ)