ከሐዲዱ ሥር ያለው ጭቃ

በግንቦት አጋማሽ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የምታነክስ ላም ለማየት ከከተማው ዳር ወዳለው ለሚ ኩራ ሄድኩ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ሰው ሥራዬ ከብት ማከም ይመስለዋል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ግማሹ ቀኔ የሚያልፈው የከብቶቹን ባለቤቶች ሳግባባ ነው። የዚያን ዕለት ግን ከእኔ በዕድሜ በብዙ የምታንስ ልጅ፣ ማግባባት እንዴት እንደሆነ አስተማረችኝ።

የላሟ ባለቤት አቶ ዳጪ የሚኖሩት ከከተማው ባቡር ሐዲድ አጥር ፊት ለፊት፣ ከአንዲት ጠባብ የኮብልስቶን መንገድ ማዶ ነው። አካባቢው ሁሉ የጤፍና የምስር ማሳ ሳለ እዚያው ተወልደው፣ እዚያው አርሰው አረጁ። ማሳው ኮንዶሚኒየም ሆኗል። የቀራቸው ግቢያቸውና አራት የሚታለቡ ላሞች ናቸው።

በሩ ላይ ስደርስ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰች፣ የሥራ ቆብ በብብቷ የያዘች ወጣት ቆማ ታንኳኳለች።

«ይቅርታ፣ ባለቤቶቹን ያውቋቸዋል?» አለችኝ።

«ደንበኞቼ ናቸው።»

«እኔ ማራናታ እባላለሁ፤ የሐዲድ ጥገና መሐንዲስ ነኝ። ስመላለስ ይህ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ውስጥ ሰው እንዳለ እሰማለሁ፤ አይከፈትልኝም።»

ድምፄን ሰምተው የአቶ ዳጪ ሚስት ወይዘሮ ደሪቱ በሩን ከፈቱ። አቶ ዳጪ ከኋላቸው ብቅ አሉ። ሰደርያውን ሲያዩ በትራቸውን በበሩ ላይ አግድም ያዙት።

«ቀኑ ደረሰ ማለት ነው?» አሉ።

«የምን ቀን አባቴ?»

«ሳታውቂው ነው? አጥሩን በቀይ ቀለም የቀባችሁት ለምን ሆነና!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሥር ቀን በፊት በባቡሩ አጥር ምሰሶዎች ላይ ቀይ ቁጥሮች ተጽፈው ተገኙ። ጎረቤታቸው ተስፋማርያም ቁጥሮቹን ፎቶ አንስቶ በመንደሩ ቴሌግራም ለቀቀው፤ እስከ ማታ «ሰፈሩ ሊፈርስ ነው» የሚለው ወሬ ያልገባበት ቤት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንደር ደህና እንቅልፍ የተኛ ሰው አልነበረም። አንዱ የጀመረውን ግንብ አቆመ፤ ሌላው ቀድሞ ቆርቆሮውን መንቀል ጀመረ። ወይዘሮ ደሪቱ የቤቱን ካርታ በፌስታል ጠቅልለው ከመቀነታቸው ሥር አድርገውታል፤ ላም ሲያልቡም አያወጡትም። እሁድ ትልቅ ማሽን እንደሚመጣ በመሰማቱም፣ መንደሩ በሙሉ ሐዲዱ ላይ ወጥቶ ሊቆም ተማምሏል።

«ዶክተር፣ አንተ ግባ፤ እሷ እዚያው ትቁም» አሉ አቶ ዳጪ።

«እንግዳ ደጅ አይቆምም» አሉ ወይዘሮ ደሪቱ፤ ልጅቷንም አስገቧት።

እኔ በረት ገብቼ የምታነክሰውን ላም፣ የጉራቻን እግር ሳነሳ፣ አቶ ዳጪና ማራናታ በበረቱ በር ላይ ቆመው ክርክር ጀመሩ።

«አባቴ፣ የሚመጣው ማሽን ቤት አያፈርስም። ከሐዲዱ ሥር ያለውን ጠጠር ነው የሚያጸዳው» አለች ማራናታ።

«ልጄ፣ ሰማንያ ሊሞላኝ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። ስንዴ ሲበጠር አይቻለሁ፣ ጤፍ ሲነፋ አይቻለሁ። ድንጋይ ሲጸዳ ግን አላየሁም። ሰው ሲዋሽ እንኳ እውነት የሚመስል ነገር ይፈልጋል እንጂ!»

ማራናታ አልተቆጣችም። «ጠጠሩ እዚያ ለምን የተነጠፈ ይመስልዎታል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ለማማር ይሆናል።»

«የባቡሩን ክብደት ተሸክሞ ለመሬቱ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። በድንጋዮቹ መሃል ያለው ክፍተት ደግሞ የዝናቡን ውሃ ያሳልፋል። ባቡር ባለፈ ቁጥር ግን ድንጋይ ከድንጋይ እየተፋጨ ይደቃል። ድቃቂው፣ የመንገዱ አቧራ፣ ከሥር የሚወጣው የዋልካ ጭቃ ተደማምሮ ክፍተቱን ይደፍነዋል። ያኔ ውሃው መውጫ ያጣል።»

«ዋልካን እንኳ ለእኔ አትንገሪኝ። ዋልካ ስገፋ ነው ያረጀሁት።»

«እንግዲያው ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ማሽኑ በሐዲዱ ላይ እየሄደ ጠጠሩን በሰንሰለት ከሥር ዝቆ ያወጣል፤ በትልልቅ ወንፊት ላይ ያንቀጠቅጠዋል። ደህናው ድንጋይ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ጭቃው ወደ ፉርጎ ይገባል። የጎደለው በአዲስ ጠጠር ይሞላል። ከኋላ የሚከተለው ሌላ ማሽን ደግሞ ሐዲዱን አቃንቶ ጠጠሩን ከሥሩ ይጠቀጥቃል።»

አቶ ዳጪ ትንሽ አሰቡና በሌላ በኩል መጡ። «ሰፈሩ ሥራ በፈታ ጎረምሳ ተሞልቷል። እናንተ ማሽን ከምታመጡ ለምን አካፋ አትሰጧቸውም?»

እኔም በልቤ እውነታቸውን ነው አልኩ።

«ሞክረነዋል» አለች ማራናታ። «ባለፈው ዓመት አርባ ሰው ለአራት ቀን ቆፍሮ የጸዳው ሠላሳ ሜትር ነው። እሱም ጎን ጎኑ እንጂ ሐዲዱ ከሚያርፍበት የኮንክሪት አግዳሚ ሥር አልተደረሰም። በዚያ አካሄድ ባቡሩን ለወራት መዝጋት ነበረብን። ለቦይ ሥራ ግን የሰው እጅ እንፈልጋለን፤ የምንቀጥረውም ከዚሁ መንደር ነው።»

በዚህ መሃል የጉራቻን ሰኮና ፈልቅቄ አየሁት፤ በስብሷል። «ጋሽ ዳጪ፣ እርጥብ ላይ ነው የምትቆመው» አልኩ።

«ድንጋይ አንጥፌላት የለም ወይ? ያዘዝከኝ አንተው ነህ!»

እውነት ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት አዝዣቸው ነበር። ዲጅኖ ተቀብዬ ከወለሉ አንዱን ድንጋይ ፈነቀልኩት። ጥቁር ውሃ እየተንቧቧ ወጣ።

«ድንጋዩ አለ» አልኩ። «በመሃሉ ግን እበት ገብቶ ደፍኖታል። ድንጋይ ላይ የቆመች ትመስላለች እንጂ የቆመችው ረግረግ ላይ ነው። ወለሉ ተነስቶ፣ ታጥቦ፣ እንደገና መነጠፍ አለበት።»

ይህን ያልኩት ስለ ላሟ ብቻ ነበር። አቶ ዳጪ ግን ጉድጓዱን አዩ፣ ልጅቷን አዩ፣ እንደገና ጉድጓዱን አዩ። እኔ ብሆን ኖሮ ያን ጊዜ «አላልኩዎትም?» ብዬ ነገሩን አበላሸው ነበር። ማራናታ ግን የተፈነቀለውን ድንጋይ ከላሟ እግር ሥር ገለል አደረገችው።

«ይሁን፤ ጠጠሩ ገባኝ» አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ። «ቀለሙ ግን አልገባኝም። ማሳዬም የሄደው በቀለም ነው። ያኔም ለልማት ነው ተባልኩ። ያኔም የመጣው እንዳንቺ ትሁት ልጅ ነበር።»

ማራናታ ወደ እሳቸው ቀረብ አለች።

«አባቴ፣ ወደፊት ማንም አይነካዎትም ብዬ ልምልልዎ አልችልም፤ ያ በእኔ እጅ አይደለም። ይህን ቀለም ግን የቀባሁት እኔ ነኝ። ይምጡ፣ አብረን እንየው።»

ወጣን። ቁጥሮቹ ከባቡር ጣቢያው ያለውን ርቀት የሚያሳዩ ነበሩ፤ በየሃያ ሜትሩ ይጨምራሉ። አቶ ዳጪ በእርምጃቸው እየለኩ ከመንደሩ ማዶ እስካለው ድልድይ ሄዱ። ቤት በሌለበት፣ ባዶ ሜዳ ባለበትም ቁጥሩ በዚያው ርቀት ይቀጥል ነበር።

«ሰው በሌለበትም ቀብታችኋል» አሉ፤ ድምፃቸው ረገብ አለ። ወዲያው ግን ቆጣ ብለው፣ «ታዲያ ከመቀባታችሁ በፊት ሰው ሰብስባችሁ ብትነግሩን ምን ነበረበት? አሥር ቀን ሙሉ ታመምን እኮ!»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች ማራናታ። «ሥራውን እንጂ ሰዉን አላሰብኩም ነበር።»

ወደ ቤታቸው ስንመለስ ባቡር መጣ። እዚያ ቦታ ላይ ፍጥነቱን ቀንሶ እያዘገመ ነበር። ማራናታ በጣቷ አሳየችን፤ ጠጠሩ ጭቃ ደርቆበት ነጥቷል። መንኮራኩሩ ሲያልፍበት የኮንክሪቱ አግዳሚ ወደ ታች ሰመጠ፣ ከሥር እርጥብ ጭቃ ተፈናጥሮ አጥሩን መታው፤ ፉርጎው ወደ እኛ አዘንብሎ ተመለሰ። በመስኮቱ ውስጥ ሰዎች የመያዣውን ብረት በሁለት እጃቸው ሲይዙ አየን።

አቶ ዳጪ ፊታቸው አመድ መሰለ። «ዋቀዮ፣ አምላኬ!» አሉ። «ሄሊና በዚህ ነው የምትሄደው። በቀን ሁለቴ።»

ሄሊና ልጃቸው ናት። ከተማው ውስጥ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ትሠራለች፤ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

«ሳይጸዳ ክረምት ቢገባስ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ወይ ባቡሩን እናቆመዋለን፤ ወይ ደግሞ…» ማራናታ አልጨረሰችውም።

አቶ ዳጪ አንገታቸውን ደፉ። ከእግራቸው ሥር አንዲት ቦይ መንገዱን አቋርጣ፣ በአጥሩ ሥር አረንጓዴ ውሃ ይዛ ወደ ጠጠሩ ትገባለች። የምትመጣው ከበረታቸው ነው። እሳቸውም ያውቃሉ፤ እኔም አውቃለሁ፤ ለዓመታት አይቼ አልፌአታለሁ።

«ሦስት ቀን በርዎን ያንኳኳሁት ለዚህ ነበር» አለች ማራናታ ቀስ ብላ። «እንዴት ብዬ እንደምነግርዎ ጨንቆኝ ነው።»

«በይ ተይው ልጄ፤ አፈርኩ» አሉ። ጎንበስ ብለው በእጃቸው አፈር ዝቀው ቦይዋን ደፈኗት። ከዚያ ቀና ብለው እኔን ተቆጡ፦ «አንተስ ዶክተር፣ ላሜን ስታይ ይህን አታይም ነበር?» በሳምንቱ ውስጥ ለበረቱ ፍሳሽ ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ አብሬ ቆሜ አሠራሁ።

እሁድ ጠዋት መንደሩ በሐዲዱ ማቋረጫ ላይ ተሰበሰበ። ተስፋማርያም «ጋሽ ዳጪ፣ ከፊት ይቁሙልን፤ ሽማግሌ ሲያዩ ይቆማሉ» አለ። እሳቸውም ከፊት ቆሙ፤ ፊታቸውን ግን ወደ ሰዉ አዞሩ።

«ጎረቤቶቼ፣ መንገዱን ልቀቁ» አሉ። «ማሽኑ የሚመጣው እኛ የደፈንነውን ሊከፍት ነው። የበረቴን ውሃ ሐዲዱ ሥር የለቀቅኩት እኔ ነኝ። የግንባታ አፈር የደፋ፣ የእቃ እጣቢ የደፋም ከመሃላችን አለ። ልጆቻችን የሚሄዱበትን ነው ያበሰበስነው።»

«ምን አብልተውዎት ነው?» ሲል ጮኸ ተስፋማርያም።

«ጭቃዬን አሳይተውኝ ነው! ስማኝ ተስፋማርያም። መጀመሪያ የሚያልፈው በእኔ ደጅ ነው። አንዲት ቆርቆሮ ከነካ፣ ያኔ ከሁላችሁም ቀድሜ ሐዲዱ ላይ እተኛለሁ።»

ሰዉ እያጉረመረመ ገለል አለ። ማሽኑ መጣ፤ ቢጫ፣ ረጅም፣ መሬቱን የሚያንቀጠቅጥ። አቧራው ሰማይ ሸፈነ። የአቶ ዳጪ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልዩ ነበር መሰለኝ። ያን ሁሉ ከተናገሩ በኋላም ልባቸው እንዳላረፈ ያኔ ገባኝ፤ የእኔም አላረፈም። ወይዘሮ ደሪቱ እጃቸውን ከመቀነታቸው ላይ አላነሱም። ማሽኑ በደጃቸው ደረሰ። አለፈ። ከኋላው የቀረው የጠራ ጠጠር ብቻ ነበር። ተስፋማርያም አጥሩን ተደግፎ፣ ከማሽኑ ጎን የሚወጣውን ጥቁር ጭቃ ብዛት አይቶ «ይህ ሁሉ ከሥራችን ነበር?» አለ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ መንደር ብዙ ነገር ተቀየረ። ስምንት ጎረምሶች ቦይ ጠረጋ ላይ ተቀጠሩ። ባቡሩ የሚዘጋበት ቀን አስቀድሞ በአማርኛና በኦሮምኛ ተጽፎ ይለጠፋል። የጉራቻ ሰኮናም ዳነ።

በሐምሌ፣ አንድ ቀን ጠዋት፣ ሰማዩ ተቀዶ ሲዘንብ፣ እኔም በዚያው ባቡር ተሳፈርኩ። ወደ ቦታው ስንቃረብ ሳላስበው ብረቱን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። ባቡሩ አላዘገመም፣ አላዘነበለም፤ ዝናቡ ከጠጠሩ መሃል እየሰረገ ወደ ቦይው ይወርድ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ዓይኗን ከስልኳ ላይ አላነሳችም። እዚያ ቦታ ላይ አንድ ነገር ሊሆን ይችል እንደነበር ከተሳፋሪው ማንም አያውቅም። አንባቢ ሆይ፣ በጊዜው የተጠገነ ነገር ሁሉ ውለታው እንዲህ ነው፤ ሰው በሰላም ያልፍበታል፣ ማን እንዳዳነውም ሳይጠይቅ ይወርዳል።