የሰዓዳ ካርድና የእኔ ጥርስ

የሰው የሕክምና ካርድ ከመዋሳችሁ በፊት፣ ባለካርዷን የትኛው ጥርሷ እንደጎደለ ጠይቋት። እኔ አልጠየቅሁም። ሱዳን፣ አርካዊት ሰፈር ሰው ቤት ስሠራ የቀኝ መንጋጋዬ ሦስት ቀን አላስቀምጥ አላስተኛ አለኝ። በመንግሥት ሐኪም ቤት በነፃ የሚነቀለው ካርድ ላለው ነው። ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር የምትኖረው ጓደኛዬ ሰዓዳ ሱዳናዊ ስላገባች ካርድ አላት። "በጠርሃ ሻርፕ ተሸፋፍነን ማን ይለየናል? ያላ፣ ሂጂ!" ብላ ሰጠችኝ።

ሽማግሌው ሐኪም አፌን አየ፣ መዝገቡን አየ፣ ደግሞ አፌን አየ። "ሰዓዳ፣ ይህን ጥርስ አምና እኔው ነቅዬልሻለሁ። ይኸው ፊርማዬ።" ምን ልበል? "መልሶ በቀለ፣ ዶክተር" አልኩት። "ማሻአላህ" ብሎ ማደንዘዣ ወጋኝ። ከነቀለልኝ በኋላ፣ አንድ ጥርስ ሁለቴ ነቀልኩ ብሎ መጻፍ ስለማይሆንለት፣ የግራውን ነቀልኩ ብሎ ፈረመ።

ባለፈው ሳምንት ሰዓዳ ከሐኪም ቤቱ ደወለችልኝ። "ግራ መንጋጋዬ አብጧል፤ የመዝገብ ክፍሏ ሴትዮ ግን ይሄ ጥርስሽ ተነቅሏል ትለኛለች። ምን ልበላት?"

"መልሶ በቀለ በያት" አልኳት። "አትፍሪ፣ ሐኪሙ ከዚህ በፊት ገጥሞታል።"