በማሪያትስካ ጎዳና ስለተያዘው የድንጋይ አንበሳ ራስ

የምስክር ስም፦ ገኖቬፋ ሩድኒክ
ዕድሜ፦ 62
የጋብቻ ሁኔታ፦ ባሏ የሞተባት
ሥራ፦ ጡረተኛ፣ ቀድሞ ልብስ ሰፊ
አድራሻ፦ ሳንዶሚየሽ ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት፦ ግዳንስክ፣ ረቡዕ ሴፕቴምበር 23 ቀን 1998 እ.ኤ.አ.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ
ቃሉን የተቀበለችው፦ ሳጅን ዶሮታ ክሌች

ከላይ ስሜ የተጻፈው እኔ፣ የሐሰት ቃል መስጠት እንደሚያስቀጣ ተነግሮኝ የሚከተለውን ተናግሬአለሁ። ወደ ጣቢያው የመጣሁት ማንም ሳይጠራኝ በእግሬ ነው። የአውቶቡሳችን ሾፌር አቶ ሌሼክ ኩባራ የቅርስ ድንጋይ ሰርቋል ተብሎ ተይዟል። ድንጋዩን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከየትኛው ቤት እንደሆነ ግን በእርግጠኝነት አላውቅም።

ሰኞ ሴፕቴምበር 21 ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የጡረተኞች ክበባችን አባላት አርባ አንድ ሆነን ከሳንዶሚየሽ ተነሣን። ጉዞው የቆዩ ከተሞችን ለማየት ሲሆን መጀመሪያ ቶሩን፣ ቀጥሎ ግዳንስክ ነበር። በያዝኩት የጨርቅ ከረጢት ውስጥ በፎጣ የተጠቀለለ፣ ከድንጋይ የተቀረጸ የአንበሳ ራስ ነበር። ስድስት ኪሎ ያህል ይመዝናል። ለማንም አልተናገርኩም።

ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ቶሩን ውስጥ የዘመመው ግንብ ጋ ደረስን። እዚያ የሄደ ሰው ሁሉ ጀርባውንና ተረከዙን ከግድግዳው አስጠግቶ፣ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ለመቆም ይሞክራል። ኃጢአት የሌለበት አይወድቅም ይባላል። ግንቡ ስለዘመመ ማንም እንደማይቆም አንብቤአለሁ። የክበባችን ሊቀመንበር ወይዘሮ ቦጉሚላ ዛሬምባ፣ «ወይዘሮ ገኖቬፋ ይቁሙልን! ከእኛ መሃል ንጹሕ ካለ እሳቸው ናቸው» ብላ ገፋችኝ። ከረጢቱን እንደያዝኩ ቆምኩና ወዲያው በአፍጢሜ ተደፋሁ። «እሳቸውም ወደቁ! እንግዲህ እኛ ሲኦል ገብተን ወንበር እንያዝ» አለች፤ ሁሉም ሳቁ። አቶ ሌሼክ አነሣኝና ከረጢቱን ሲያነሣ፣ «ወይዘሮ፣ ከግንቡ ላይ ድንጋይ ፈልቅቀው ነው እንዴ?» አለኝ። ጥቅል ጎመን ነው አልኩት። «ቶሩን ውስጥ ጎመን የጠፋ መስሎዎት ነው?» ብሎ ወስዶ በአውቶቡሱ የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ አኖረው። ተሳፋሪዎቹ ለፖሊስ ከረጢቱን በሾፌሩ እጅ አየነው ያሉት ይህንን ነው።

ድንጋዩ ከየት እንደመጣ ተጠይቄ፦ በ1953፣ በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ በወጣቶች የሥራ ዘማች ቡድን ተመድቤ ግዳንስክ ውስጥ በጦርነቱ የፈረሱ ቤቶችን ፍርስራሽ ስናነሣ ነበር። ቅርጽ ያለው ድንጋይ የተገኘ እንደሆነ፣ ቤቶቹ በቀድሞ መልካቸው ዳግም ሲሠሩ ወደ ቦታው እንዲመለስ ለብቻው ተቀምጦ ቁጥር ይጻፍበት ነበር። አንበሳውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ከፍራሼ ሥር ደበቅኩት። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ቆንጆ ነበር። ከመኝታ ክፍላችን አንዷ ድንጋይ ደብቃለች ተብሎ ለቡድኑ መሪ ተነገረ። ፍተሻ ሲመጣ ድንጋዩን ወደ ልብስ ሻንጣዬ አዛወርኩት፤ አቧራው ግን ከጎኔ በምትተኛው በሮዛሊያ ቻፕላ አልጋ ላይ ተገኘ። ሮዛሊያ አልወሰድኩም ብላ አለቀሰች። እኔ ዝም አልኩ። በወረቀቷ ላይ ሌባ ተብሎ ተጽፎ ወደ ቤቷ ተላከች። የነርስነት ትምህርት ቤት ልትገባ ነበር። ከዚያ በኋላ የት እንዳለች አላውቅም፤ አልፈለግኳትም።

ድንጋዩ ቤቴ ውስጥ ጥቅል ጎመን በጨው የምናብላላበት በርሜል ላይ መጫኛ ሆኖ ኖረ። ባለቤቴ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚያ ድንጋይ የተጫነ ጎመን በልቷል፤ ከየት መጣ ብሎ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው። ትምህርቴ እስከ ሰባተኛ ክፍል ነው። ስለ ግዳንስክ ቤቶች ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ከከተማችን ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት እየተዋስኩ በማንበብ ነው። በአንዱ ውስጥ ከጦርነቱ በፊት የተነሣ የማሪያትስካ ጎዳና ፎቶግራፍ አግኝቼ በስስ ወረቀት ገለበጥኩት። ከአንዱ ቤት በር ፊት ባለው የድንጋይ ሰገነት ማዕዘኖች ላይ ሁለት አንበሶች አሉ፤ የዝናብ ውኃ በአፋቸው ይፈሳል። አንደኛው የእኔ መሰለኝ። ቦታው ላይ አስቀምጬ ልመለስ አሰብኩ።

ዛሬ ከረጢቴን ከአውቶቡሱ አውጥቼ ከቡድኑ ጋር ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ማሪያትስካ ደረስኩ። አስጎብኚዋ ወደ አንድ ቤት እያመለከተች ዕድሜው አራት መቶ ዓመት ነው ስትል ሰማሁ። እኔ በአሥራ ሰባት ዓመቴ እዚያው ቦታ ላይ ቤቱ ፈርሶ ያየሁት ሰማይ ብቻ ነበር። ሰዎቹ ሲሄዱ ብቻዬን ቀረሁና ሰገነቱን አገኘሁት። የምፈልገው አንበሳ የጎደለበትን ማዕዘን ነበር። የጎደለ ማዕዘን የለም። ሁለቱም አንበሶች ቦታቸው ላይ ናቸው። ጎዳናውን ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ቤቶቹን ቆጠርኩ፤ ቁጥሩ በየጊዜው ተለያየብኝ። የእኔን አውጥቼ ከእነሱ ጋር አስተያየሁት። የእነሱ ንጹሕ ነው፤ የእኔ በጨው ነጥቷል። የቱ የቀድሞው፣ የቱ ከፎቶግራፍ ተቀድቶ አዲስ የተሠራ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ምናልባትም የእኔ የሌላ ቤት ነው።

መነሻችን ስድስት ሰዓት ነበር። ስድስት ከአምስት ላይ አቶ ሌሼክ ሊፈልገኝ መጣ። «አርባ ሰው ይጠብቃል፣ እርስዎ ከአንበሳ ጋር ያወራሉ?» አለኝ። ከዚያም፣ «ጎመን ያሉት ይኼ ነው? በሉ ይስጡኝ፣ እግርዎ አይችልም» ብሎ ድንጋዩን ብብቱ ሥር አድርጎ ቀደመኝ። ከምድር ቤት ካለው ሱቅ አንዲት ሴት ወጥታ፣ «ኧረ ያዙት! ቅርሱን ነቅሎ ሄደ!» ስትል ሰማሁ። እኔ ከደረጃው ወዲያ ስለነበርኩ አላየችኝም።

ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ ሁለት ፖሊሶች አውቶቡሱ ጋ መጡ። አቶ ሌሼክ፣ «ከተሳፋሪ ተቀብዬ ነው» አለ። ወደ እኔ ዞሮም፣ «ወይዘሮ ገኖቬፋ፣ ይንገሯቸው እንጂ» አለኝ። ሁሉም አዩኝ። እኔም፣ «እኔ የያዝኩት ጎመን ነው» አልኩ። ወይዘሮ ቦጉሚላ፣ «እስር ቤት የነበረ ሰው መኪናችንን አይንዳ ብዬ ነበር!» ብላ ጮኸች። አቶ ሌሼክ ወጣት ሳለ ታስሮ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ከፖሊሶቹ ጋር ሄደ። እኔ ወንበሬ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ከዚያ ተነሥቼ የጣቢያውን መንገድ ጠየቅኩ።

በአውቶቡሱ ውስጥ ለምን እንደዋሸሁ ተጠይቄ፦ አላውቅም። አፌ ቀደመኝ። እንደዚሁ ይጻፍልኝ ብያለሁ።

ሳጅን ክሌች የ1953ቱ ነገር ከዚህ ጉዳይ ጋር እንደማይገናኝና ከቃሉ ሊወጣ እንደሚችል ነግራኛለች። ካልተጻፈ እንደማልፈርም አሳውቄአለሁ። ሮዛሊያ ቻፕላ ድንጋይ አልሰረቀችም።

የሱቋ ሴት ተጠርታ ከሰገነቱ የጎደለ አንበሳ እንደሌለ ስላረጋገጠች፣ አቶ ሌሼክ ኩባራ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ እንዲለቀቅ ተደርጓል። ድንጋዩ ባለሙያ እስኪመረምረው በጣቢያው ይቆያል። አቶ ሌሼክ ጃኬቱን ሊወስድ ወደዚህ ክፍል ሲገባ ይቅርታ ጠየቅኩት። «ለእኔ ምን ያደርግልኛል? እኔ አለመስረቄን አውቃለሁ» አለኝ። «ለእነዚያ አርባዎቹ ይንገሯቸው። የአውቶቡሱ ማይክሮፎን ከመሪዬ አጠገብ ነው።» እሺ አልኩት። እስከ አውቶቡሱ ድረስ ሁለት መቶ እርምጃ አለ፤ እስክደርስ ሐሳቤን እንዳልለውጥ እሺ ማለቴ በዚህ ቃል ውስጥ እንዲገባ ጠይቄ ገብቷል።

ይህ ቃል ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ፤ እኔ የተናገርኩት ነው። የማውቀውን እውነቱን ተናግሬአለሁ፤ የማላውቀውንም አላውቅም ብያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ገኖቬፋ ሩድኒክ
ቃሉን የተቀበለችው፦ ሳጅን ዶሮታ ክሌች
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ