ለዝንጀሮ ሰላምታ

ከወልድያ ወደ መርሳ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንዲት ተማሪ ተቀምጠዋል። አይተዋወቁም።

«አባቴ፣ ስለ አየር ንብረት ለውጥ በተሠራው ፊልም ላይ ያየሁት አንቱን አይደለም?»

«እኔው ነኝ። ፊልሙን ግን እስካሁን አላሳዩኝም። ምን እላለሁ?»

«ድምፅዎ አይሰማም፤ ሙዚቃ ነው ያለው። በማለዳ ማሳዎ ዳር ቆመው እጅዎን ያወዛውዛሉ። ተራኪዋ ‹በየቀኑ ዝንጀሮዎቹን ሰላም ይሏቸዋል› ትላለች።»

«ሰላም?»

«እንደዚያ ነው የምትለው።»

«ልጄ፣ እያባረርኩ ነበር። ወንጭፌን ‹ለፊልሙ አያምርም› ብለው አስጣሉኝ። ባዶ እጅ ዝንጀሮ ይፈራል? እነሱ እኔን ሲቀርጹ ዝንጀሮው እሸቱን ጨረሰው።»

«ወላሂ፣ ይሄ አልታየም።»

«ከማሳችን በላይ ያለው ተራራ ላይ ከብት እንዳይገባ የከለልነው እኛና ወጣቶቹ ነን። ደኑ ተመለሰ፣ አልሐምዱሊላህ። አውሬውም ተመለሰ፤ እሱም የአላህ ፍጡር ነው። ‹ማሽላችንንስ ማን ይጠብቅልን?› ብዬ ካሜራው ፊት ጠይቄያለሁ እኮ።»

«ሙዚቃው የሚጀምረው እዚያ ላይ ይሆናል።»

«ያየው ሰውስ ምን አለ?»

«አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ።»

«ዝንጀሮዎቹን ቢጠሯቸው እነሱም ያጨበጭቡ ነበር።»

ሲሪንቃን እስክናልፍ ድረስ ከመንገዱ ዳር ያለውን ማሽላ በመስኮት እያየሁ፣ ወንጭፉን እንዳስጣሉት ሰው ባዶ እጄን ጨብጬ ተቀመጥኩ።