ወደ ቀኝ የሚፈታው ዳዶ

ግቢ ማኮዛ፣ ግቢ። ውሻውን አትፍሪው፣ መጮህ ከተወ ሰንብቷል። ያንን ባልዲ ገልብጪና ቁጭ በይ። ዝናቡ የናንተን በቆሎ እንዴት አደረገው? የኛ በቆሎ ግማሹ ተኝቷል። ዱባው ግን ይኸው አጥር ጥሶ ወደ አንቺ ግቢ ሊሻገር ነው። ከገባ ቁረጪና ቀቅለሽ ብዪው፤ ዱባ ወሰን አያውቅም። ያልተጠራበት የሚገባ ዱባ ብቻ ቢሆን እኮ ጥሩ ነበር…

እኔማ ይኸው ነኝ፣ የሣር ማጨጃዬን ራስ ከፍቼ ሣሩን እየተሽከረከረ የሚቆርጠውን የላስቲክ ክር ልሞላ። ድምፃችንን ዝቅ እናድርግ፤ እዚያ ባሕር ዛፉ ሥር ትልቅ ሰው ተኝተዋል። ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ እንደደፉ ናቸው። ከጧት ጀምረው ሰማያዊ ቱታቸውን ለብሰው፣ የጫማቸውን ክር ጥብቅ አድርገው አስረው፣ ፍጹም ዝግጁ ሆነው ነው የተኙት። ለሥራ ተዘጋጅቶ መተኛት ቀላል ይመስልሻል? እኔ ብሞክረው አልችልም።

ስለሳቸው አይደለም የማወራሽ። ስለ ሌላ ሰው ነው። ስማቸውን ደግሞ አትጠይቂኝ። ለዚህ ቤት ተድሬ ከመጣሁ አሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ ያ ስም አንድ ቀን ካፌ ወጥቶ አያውቅም። ሚስት የባሏን ታላላቆች ስም አትጠራም፤ እናቶቻችን ያቆዩልን ነው፣ ደግ ልማድ ነው። እንዲያው ለጨዋታችን ያህል፣ አማቴ ጡት ላይ ከሁሉ ቀድመው የደረሱት ሰው በያቸው። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሁለተኛ ነበር የደረሰው። ያን ጊዜ የቀረ ወተት ነበር ወይ ብለሽ አማቴን ጠይቂ።

የትምህርት ቤቱን ነገር ሰምተሻል። ኮሚቴው «ማዞንዲ፣ ግቢውን አንድ ጊዜ አጭደሽ አሳዪን፤ ካማረ የዓመቱ ሥራ ያንቺ ነው» አለኝ። ሰኞ ጧት መጥተው ያያሉ። ካላማራቸው ትራክተር ላለው ለዚያ የከተማ ሰው ይሰጡታል። ከዚያ ለኔ የሚቀረኝ ያው እንደ እህቶቼ ደርባን ወርዶ የሰው ወለል መወልወል ነው። ልጆቼን በዓመት አንዴ፣ ለገና፣ ከረሜላ ይዞ መጥቶ ማየት። ታናሿ እኔን «እትዬ» ልትለኝ። ባሌን ከቀበርኩ ወዲህ የምፈራው ይህን ብቻ ነው፣ ማኮዛ። ሌላ ምንም አልፈራም።

ታዲያ እኒያ ሰው አዘኑልኝ። «ሴት ማሽን አንግታ ትምህርት ቤት ብትገባ ሰው ምን ይለናል?» አሉ። አየሽ ርኅራኄ? እኔ ስለ ልጆቼ ሆድ ሳስብ እሳቸው ስለ ሰው አፍ ያስባሉ። በአንድ ቤት ውስጥ ሐሳብ እንዲህ ተከፋፍሎ ሲታሰብ ደስ አይልም? ሐሙስ ዕለት አማቴን ለደም ግፊታቸው ክሊኒክ ይዤ ስወጣ ማሽኑን አንስተው በኔ ፋንታ ሄዱልኝ። ዕቁብ ሲደርሰኝ የገዛሁትን ማሽን። ማስፈቀድማ የትንሽ ሰው ነገር ነው።

ባዶ እጃቸውንም አልሄዱም። በዋዜማው ከተማ ወርደው አዲስ ራስ ገዝተዋል፣ የኔ አነሰባቸው። የሱቋ ልጅ «አባባ፣ ማሽኑ ምን ያህል ነው?» ብላ ብትጠይቃቸው «ትልቅ ነው» አሏት። እሷ እኮ የጠየቀችው የሞተሩን ልክ ነው፣ የባለቤቱን አይደለም… ነገሩ ገብቷት «እንግዲያው ትንሹ ይሻልዎታል፤ መሬት ላይ መታ ሲያደርጉት ራሱ ክር ይለቃል» ብትላቸው፣ «ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ እኔ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ማሽን አንቀሳቅስ ነበር» አሏት። ሐሰት አይደለም። ሊፍት ነበር፣ ቁልፉን ይጫኑ ነበር። ወደ ላይ አንድ ቁልፍ፣ ወደ ታች አንድ ቁልፍ። ሃያ ዓመት አንድ ቀን ሳይሳሳቱ።

እናም ትልቁን መርጠው መጡ። ክሩን ብታዪው የልብስ ማስጫ ገመድ ያክላል። የኔ ማሽን እኮ እርጥብ ሣር ሲያይ በልመና የሚሄድ ድሃ ማሽን ነው! ያንን ሲያሸክሙት እንደ አራስ ላም ያቃስት ነበር አሉ። ሰው ዕቃ ሲመርጥ የጎደለውን ያክል ነው የሚመርጠው ይላሉ… እኔ አላልኩም፣ ሌሎች ናቸው።

ቆይ፣ ያንን የዳዶ መፍቻ ቁልፍ አቀብዪኝ፣ አሮጌውን ራስ መልሼ ላጥብቅ። አየሽው ይሄን ዳዶ? እንደ ሌላው ዳዶ አይደለም። ሌላው ወደ ግራ ይፈታል፤ ይሄኛው የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። የሠራው ሰው እንዲህ ያደረገው ሞተሩ ሲዞር እንዳይላላ ብሎ ነው። እኔ ይሄን ያወቅኩት ማሽኑን የሸጠልኝን ልጅ ጠይቄ ነው። እኒያ ሰው ግን ጠያቂ አይደሉም፣ ተጠያቂ ናቸው። አሮጌውን ራስ ሊፈቱ ከጧት እስከ ምሳ ወደ ግራ ሲያዞሩ ዋሉ። ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክተው፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው… ሊፈቱ ብለው እስኪበቃው አጠበቁት። እንዲህ ተግቶ የሚሠራ ሰው አይቼ አላውቅም። በስተመጨረሻ ተናደው በእርግጫ ሲሉት በሌላ በኩል ዞረና እሺ አለ። ከዚያ አዲሱን ሊያጠብቁ ወደ ቀኝ አዞሩ፣ አልነክስ አላቸው። ለምን አልነክስ እንዳላቸው መቼም አንቺም አይጠፋሽም። መዶሻ አመጡ።

ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ? እሳቸው ዘንድ ካነጋገርም ይቀደዳል።

ወደ ክሩ ልመለስ። ይኸው እዪኝ፣ ብልሃት የለውም። አሥር ክንድ ያህል ትቆርጫለሽ። ለሁለት ታጥፊና አንዱን ጫፍ በስንዝር ታስረዝሚዋለሽ። እጥፋቱን እዚህች መሐል ያለችው ስንጥቅ ውስጥ ትሰኪያለሽ፤ ከዚያ እንደ ሹሩባ ጠበቅ እያደረግሽ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ሳይወጣ፣ በየመስመሩ ትጠቀልያለሽ። ወዴት? ይኸው ቀስት ተስሎበታል፣ ወደ ቀስቱ። ማንበብም አይጠይቅም። ልጆቼ እንኳ ቀስት ሲያዩ ወዴት እንደሚሄዱ ያውቃሉ። ትልቅ ሰው ግን በቀስት አይታዘዝም። እሳቸው በተቃራኒው ጠቀለሉት፣ ያውም አንዱን በአንዱ ላይ እያመሰቃቀሉ፤ ነፋስ የበተነው የወፍ ጎጆ ነበር የሚመስለው። ከዚያ ክር እንዲለቅ መሬቱን ይመታሉ፤ አይለቅም። ደግመው ይመታሉ። ርዕሰ መምህሯ በመስኮት አይታ አዲስ ሽንት ቤት የሚቆፈር መስሏት ነበር አሉ።

ባርኔጣው ተንቀሳቀሰ እንዴ? … ነፋስ ይሆናል። ተኝተዋል እኮ፣ የደከመ ሰው እንቅልፉ ከባድ ነው።

የቀረውን ያየሽው አንቺ ነሽ፣ ከተሳሳትኩ አርሚኝ። ለሐሙሱ የሴቶች ማኅበር ጸሎታችሁ ቀይ ሸሚዛችሁን ለብሳችሁ ከትምህርት ክፍሉ ጀርባ ቆማችሁ ነበር። «ከክፉ አድነን» ላይ ደርሳችሁ ነበር ይላሉ። ያ ራስ ካለበት ወልቆ፣ እየተሽከረከረ፣ በቄሱ ሚስት ትከሻ ላይ አልፎ ለሻይ ያመጣችሁት ኬክ ሳህን ውስጥ ሲያርፍ… ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ በመዶሻ ከሆነ ግን የማሽን ራስም በክንፉ ይሄዳል። ማንም አልተነካም፣ ተመስገን። የዚያን ዕለት ግን በሕይወታቸው ጸልየው የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ ጸለዩ አሉ። ይህን ያህል ነፍስ በአንድ ከሰዓት ወደ ፈጣሪው ያቀረበ ሰባኪ እዚህ አገር አለ? እኔ አላውቅም። የቄስ ቀሚስ ብቻ ነው የጎደላቸው።

ከዚያ በኋላ ምን አሉ መሰለሽ፣ በኮሚቴው ፊት? «ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ የሴት ማሽን ስለሆነ ነው።» እኔ አልተናደድኩም። … ተናድጃለሁ፣ ምን እደብቅሻለሁ። እስከ ማታ ክሊኒክ ወረፋ ላይ ቁጭ ብዬ የእናታቸውን ጫማ ይዤ ነው ይህን በስልክ የሰማሁት። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ይሉ የለ ያገሬ ሰዎች? ልክ ናቸው፣ አለቀ። ክሩ አለቀ፣ ነዳጁ አለቀ፣ ትዕግሥቴም ለማለቅ ጥቂት ነው የቀረው።

አሁን ደግሞ ለርዕሰ መምህሯ «ቅዳሜ መጥቼ እጨርሰዋለሁ» ብለዋታል። ለኔም «ክሩን ሙዪልኝና እኔ ይዤው እሄዳለሁ» የሚል መልእክት በአማቴ በኩል መጥቶልኛል። እንግዲህ ዛሬ ቅዳሜ ነው። ነገ እሑድ ነው፣ እዚህ ሰፈር በእሑድ ማሽን ያስነሳ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ይሰረዛል። ሰኞ ጧት ኮሚቴው መጣ። ስለዚህ ይሄ ማሽን አሁን በማን ትከሻ ይወጣል የሚለው ነገር… ለኔ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ማኮዛ። የሦስት ልጆች ነገር ነው።

ደግሞ ለሳቸው ቱታም ማሰብ አለብኝ። አማቴ በዚያ ደም ግፊታቸው ቆመው የተኮሱላቸው ነው። ክንዱ ላይ ያለውን መስመር አላየሽውም? ምላጭ ነው። በሣር ጭማቂ ማበላሸት ግፍ ነው። ጫማውም ቢሆን ጭቃ አያውቅም፣ እንግዳ ይሆንበታል።

ጨረስኩ። ሁለቱን ጫፍ በቀዳዳው አወጣሁ፣ ክዳኑ ቀጭ አለ። ሰማሽው? ልክ ሲገባ እንዲህ ነው የሚለው፣ መዶሻ አይጠይቅም። አሁን ማንገቻውን በትከሻዬ ላይ አሳልፊልኝ። ጠበቅ አድርጊው። መነጽሬን አቀብዪኝ። ዳገቱን በኋላ በር ነው የምወጣው፤ በትልቅ ሰው ፊት ለፊት ማለፍ ለምራት ነውር ነው። ከእንቅልፋቸው ሲነቁ ማሽኑ የት ሄደ ብለው ከጠየቁ፣ «ወደ ቀስቱ ሄደ» በያቸው።

መቼም ሳልመርቃቸው አልሄድም፣ አጥንታቸው አጥንታችን ነው። እግዚአብሔር ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልን። መቶ ዓመት ያኑርልን። ክፉ ነገር እነዚያን እጆች አይንካቸው… እነዚያም እጆች ምንም ነገር አይንኩ። አሜን በይ እንጂ፣ ማኮዛ። ጮክ ብለሽ በዪው፣ የተኙትም ሰው አብረው አሜን እንዲሉልን።